በረዶ እስኪወርድ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅር በይኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብልሽ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

አሁንም ካናዳ፣ ሳስካቱን ነኝ። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ክሪዎች ነሂያዌዊን የሚሉትን ቋንቋቸውን ከአረጋውያን አፍ እየቀዳሁ እጽፋለሁ፤ ማክሰኞ ማታ ደግሞ ከአንዲት የክሪ መምህርት ጋር ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ራሳቸው ክሪ ናቸው። አያቶቻቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ስለነበር ለልጆቻቸው ሳያወርሱት ቀሩ።

የምቀዳቸውን አያት ኖህኮም እላቸዋለሁ፣ «አያቴ» ማለት ነው። በክሪ ስም ሁሉ ሕይወት ያለውና የሌለው ተብሎ ይለያል። ጫማ፣ ማስኪሲን፣ ሕይወት የለውም፤ ሲበዛ ማስኪሲና ነው። ካልሲ ግን፣ አሲካን፣ ከድንጋይ ጋር ሕይወት ካላቸው ወገን ነው፤ ሲበዛ አሲካናክ ይሆናል። እኔ ካልሲን በጫማ ደንብ አበዛሁት። ኖህኮም ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ ብለው የሱፍ ካልሲያቸውን አወለቁ፤ ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ትክክለኛውን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወዲህ አልሳትኩም።

አንቺ የፊደል ነገር ስለምትወጂ ይህን ልንገርሽ። የክሪ ፊደል እንደ እኛው ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል፤ ግን እግርም ቀለበትም አይቀጠልለትም፣ ቅርጹ ራሱ ይዞራል። ያው ማዕዘን ጫፉ ወደ ታች ሲሆን ፔ፣ ወደ ላይ ፒ፣ ወደ ቀኝ ፖ፣ ወደ ግራ ፓ። ሚስዮናዊው ጄምስ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1840 ኖርዌይ ሃውስ ላይ እንዳዘጋጀው መጻሕፍት ይናገራሉ፤ ክሪዎች ግን ሚስታናኮዌው የተባለ ሰው ከመናፍስት ዓለም እንዳመጣው ይተርካሉ። ግሱም ደስ ይልሻል። ኪሳኪሂቲን «እወድሻለሁ»፣ ኪሳኪሂን «ትወጂኛለሽ» ነው። ወዳጅዋ እኔም ሆንኩ አንቺ፣ ቃሉ የሚጀምረው «አንቺ» በሚለው ኪ ነው።

በማስተማሩ የምከተለው የፍሪዳ አሄናኪውን መንገድ ነው። 12 ልጆች ያሳደጉ የክሪ የቋንቋ ምሁር ነበሩ፤ ሰዋስው ከሰንጠረዥ ሳይሆን ከሚተረክ ታሪክ እንዲነሳ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ ተረት ያስፈልገኛል። ሚያዝያ ላይ ኖህኮምን የጥንቱን ተረት ብለምናቸው እምቢ አሉኝ፤ እሱ የሚነገረው መሬቱ በረዶ ሲለብስ ብቻ ነው። ሪፖርቴ ሰኔ ላይ ይደርሳልና ተከፋሁ፣ ደጋግሜም ወተወትኳቸው። ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ። የሪፖርቱን ቦታ ባዶውን ላክሁት።

ትናንት ሌሊት በረዶ ወረደ። ጎህ ሲቀድ ደወሉልኝ፦ «መቅጃሽን ይዘሽ ነይ።» ነገ እሄዳለሁ፤ ባትሪዎቹን ቻርጅ ላይ ሰክቻቸዋለሁ። እማማን ሳሚልኝ።

እህትሽ