ልጄ፣ በጁን ወር እዚያ ድንጋይ ላይ እንዳትወጣ

ናቲዬ፣ የኔ ጌታ፣

እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የአባትህ ጉልበት ተሽሎታል፤ ደረጃውንም ብቻውን መውጣት ጀምሯል።

ወሬው ደርሶኛል። ለልደትህ ከጓደኞችህ ጋር ከዴንቨር ተነስታችሁ ዋዮሚንግ ልትሄዱ፣ ዴቭልስ ታወር የሚባለውን ግዙፍ ድንጋይ በገመድ ልትወጡ ነው አሉ። እህትህን ለምን ነገርሽ ብለህ እንዳትቆጣት። እኔ ነኝ አላስቀምጥ ብዬ ያወጣጣኋት።

መሄድህን አልጠላሁትም። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠህ ስለምትውል ንፋስ ቢነካህ ደስ ይለኛል። ግን በጁን እንዳትወጣበት።

አብረን የሄድን ጊዜ ሥሩን እየዞርን ያስረዳኸኝ ትዝ ይልሃል? አንገቴ እስኪያመኝ ሽቅብ አያለሁ፣ አንተ ታወራለህ። የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የቀለጠ ዐለት ከመሬት ሆድ ተነስቶ መጣ አልከኝ። ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ተኮማተረ፤ ሲኮማተርም ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጣጠቀው ተሰነጠቀ። እነዚያ የተደረደሩት ረጃጅም ዓምዶች የመጡት ከዚያ ነው። ብዙዎቹ ስድስት ጎን አላቸው፤ አምስትም ሰባትም ያላቸው አሉ። ዙሪያውን የነበረውን ለስላሳ ድንጋይ ዝናብና የቤል ፉርሽ ወንዝ ጠርገው ሲወስዱት ጠንካራው ብቻውን ቀረ፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ 264 ሜትር። የጥንት እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ነው ወይስ ከመሬት በላይ ሳይወጣ የቀዘቀዘ ዐለት በሚለው ምሁራኑ እስካሁን ይከራከራሉ ያልከኝንም አልረሳሁም። በትምህርትህ የኮራሁት ያን ቀን ነው።

ያን ቀን ግን ሌላም ነገር ሰማን። ከአሜሪካ ነባር ነገዶች አንዱ የሆኑት ኪዮዋዎች የሚተርኩትን። ሰባት እህትማማቾችና አንድ ወንድማቸው ሲጫወቱ ወንድምየው ድንገት ይንቀጠቀጥና በአራት እግሩ መሮጥ ይጀምራል። ድብ ሆነ። እህቶቹ እየጮሁ ሸሹ። የትልቅ ዛፍ ጉቶ ጠራቸውና ላዩ ላይ ወጡ፤ ጉቶውም ወደ ሰማይ አደገ። ድቡ ሊደርስባቸው ስላልቻለ ዙሪያውን በጥፍሩ ቧጠጠው። እህትማማቾቹ ሰማይ ላይ ከዋክብት ሆነው ቀሩ። ያን የቧጠጠውን ነው አንተ ዓምድ የምትለው። ላኮታዎችም ድንጋዩን የድብ ቤት ብለው ነው የሚጠሩት። ቼየኖችም፣ አራፓሆዎችም፣ ክሮዎችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ከ20 በላይ ነገዶች የኛ ቅዱስ ቦታ ነው ይላሉ። መንግሥት በፈረንጆቹ 1906 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ሐውልት፣ ማለትም የሚጠበቅ ቅርስ፣ ብሎ ሲሰይመው እነሱ እዚያ መጸለይ ከጀመሩ ስንት ትውልድ አልፏል።

ጁን ደግሞ የጸሎታቸው ወር ነው። ይጾማሉ፣ የፀሐይ ጭፈራ ሥርዓታቸውን ያደርሳሉ። ስለዚህ ነው ከ1995 ጀምሮ ፓርኩ በዚያ ወር እባካችሁ አትውጡ ብሎ የሚለምነው። ልመና ነው፤ ማንም አያስርህም፣ ማንም አይቀጣህም። ይህንንም አውቃለሁ፤ ጓደኞችህ «ክልክል አይደለም» እንደሚሉህም አውቃለሁ። ክልክል ቢሆንማ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ስለ ደብረ ዳሞ አውርቼህ አላውቅም መሰለኝ። ልጅ ሆኜ ለጥቅምት 14፣ ለአቡነ አረጋዊ በዓል፣ አያትህ ይዘውን ሄዱ። አቡነ አረጋዊን ዘንዶ ነው ተሸክሞ አምባው ላይ ያወጣቸው ይባላል። ዛሬ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው፤ ገደሉ 15 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሴት አይወጣበትም፤ እንስት እንስሳ እንኳ አይወጣበትም። አጎትህ ወገቡን ታስሮ እየተጎተተ ወጣ። እኔና አያትህ ከሥር ቀረን። እኔ አኩርፌ ድንጋይ እየወረወርኩ እጫወታለሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግንባራቸውን ዐለቱ ላይ አድርገው አጎትህ እስኪወርድ ድረስ ጸለዩ። እንዲያ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። አጎትህ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወረደ፤ እምነት ይዞላቸው መጥቶ ነበር። በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሩት። ምን ብለው እንደጸለዩ አንድ ቀን እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ፣ ሳልጠይቃቸው አረፉ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እስቲ አስበው ልጄ። ያን ቀን፣ በዚያ በዓል፣ ገመድና መንጠቆ የያዙ ወጣቶች ለስፖርት መጥተው ከአያትህ ራስ በላይ እየተሳሳቁ ቢወጡ ምን ትላለህ? አንተ ራስህ ዝም ትላለህ? የላኮታና የኪዮዋ እናቶችም በጁን እዚያው ሥር ናቸው። ስለዚህ በጁን አትውጣ።

አደጋውንም አልረሳሁም፤ እናት ነኝ። በ1941 ጆርጅ ሆፕኪንስ የሚባል ሰው ከአውሮፕላን በፓራሹት ዘሎ ጫፉ ላይ አረፈ። መውረጃ ገመዱን ግን ሊያገኘው አልቻለም። ምግብና ብርድ ልብስ ከአውሮፕላን እየተጣለለት 6 ቀን እዚያው ቆየ፤ በመጨረሻ ተራራ ወጪዎች ደርሰው አወረዱት። እናቱ እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አንተው ገምት።

ሄደህ ዙረው። መንገዱ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጓደኞችህም ለእኔ እንዳስረዳኸኝ አስረዳቸው። ዛፎቹ ላይ የታሰረ ጨርቅ ታያለህ፤ ጸሎት ነው፣ አትንካው፣ ፎቶም አታንሳው። መግቢያው አካባቢ ያሉትን ከጉድጓድ ብቅ ጥልቅ የሚሉ እንስሳት ምንም አታብላ፤ ይናከሳሉ። ውሃ በብዛት ያዝ። ነጎድጓድ ከሰማህ ቶሎ ወደ መኪናው ተመለስ። ሌሊት እንዳትነዳ፤ በዚያ መንገድ አጋዘን ይበዛል።

ጁላይ ሲገባ እወጣለሁ ካልክ ያኔ እንነጋገራለን። በየትኛውም ወር ባይወጣበት የሚመርጡ አሉና ይህንንም አስብበት። ለጊዜው የምለምንህ አንድ ወር ብቻ ነው። በጁን አትውጣ።

ገመዱን ገዝተህ ከሆነ ደረሰኙን አትጣለው፤ ይመልሱልሃል። ሽሮውንና በርበሬውን በፖስታ ልኬልሃለሁ፤ ሐሙስ ይደርሳል፣ ቤት ሆነህ ተቀበለው። እህትህንም ዛሬውኑ ደውልላት፤ ተቆጥቶኛል ብላ ፈርታለች።

እናትህ