«ያለ ምንም ወጪ» የተባለው የማን ጉልበት ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

በአርባ ምንጭ ዙሪያ አትክልት አምራቾች ከኬሚካል ወደ ኒም (ፍሬው ተወቅጦ ለተባይ መከላከያ የሚረጭ ዛፍ) እና ኮምፖስት (ከእበትና ከቅጠላ ቅጠል የሚብላላ ማዳበሪያ) መዞራቸውን የዘገባችሁበትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ጀምሬ ተናድጄ ጨረስኩት። «ገበሬዎቹ ያለ ምንም ወጪ ያዘጋጁታል» ይላል። ያለ ምንም ወጪ? ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?

ለ10 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ የደረቀ የኒም ፍሬ ይገባል። አንድ ጥማድ ቲማቲም በደንብ ለመርጨት 100 ሊትር ግድም ይፈልጋል። እንግዲህ አስሉት፤ 5 ኪሎ ፍሬ ነው። ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ተዘፍዝፎ ያድርና ይጠለላል። ፀሐይ ስለሚያዳክመው የሚረጨው አመሻሽ ላይ ነው። በሳምንቱ ደግሞ እንደገና። ኒም ትሉን እንደ ኬሚካል ወዲያው አይጥለውም፤ መብላትና ማደግ ነው የሚከለክለው። አንድ ዙር ከተዘለለ ልፋቱ ከንቱ ነው። ኮምፖስቱማ ሌላ ጉድ ነው። 3 ወር ያህል ይገላበጣል፣ ውሃ ይጠጣል፤ ለአንድ ጥማድ ከ10 ኩንታል በላይ ያስፈልጋል። እበቱም ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አይደለም። ኩበት ሆኖ ምጣድ የሚያሰማው እሱ ነው። ማሳ ላይ ከዋለ እንጨት ፍለጋ መውጣት አለ።

ይህን ሁሉ የምንሠራው በእኛ መንደር ሴቶች ነን። ፎቶአችሁ ላይ ግን መርጫ ያዘሉ ወንዶች ብቻ ናቸው። አንዲት ሴት እንኳ አልጠየቃችሁም። ስልጠና ሲመጣም «አባወራ ይምጣ» ይባላል። እኔ ዘፍዝፌ በማጠልለው ነገር ባለቤቴ ሰልጥኖ መጣ!

ኒሙን ጠልቼ አይደለም። የኬሚካል ጠርሙስ ከልጆች መደበቅ ቀርቶልኛል። አፈሩም ለስልሶ ውሃ መያዝ ጀምሯል። የሚያንገበግበኝ ገበያው ነው። ነጋዴው የእኔንም ቲማቲም፣ ትናንት ኬሚካል የተረጨበትንም በአንድ ዋጋ ይገዛል። ከዘገባችሁ በኋላ ደግሞ ትንሽ ጨምርልኝ ስለው «ወጪ የለውም አይደል እንዴ የሚባለው?» አለኝ። ለመደራደር የቀረችኝን አንዲት ቃል ነው የወሰዳችሁብኝ።

እርማት አውጡ። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ ይምጣ። በፍሬ ለቀማ ሰሞን ይምጣ፤ ሴቶቹን ይጠይቅ። የሥራውን ሰዓት ይቁጠርና በቀን ሠራተኛ ክፍያ አስልቶ፣ የአንድ ሳጥን ቲማቲም ወጪ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይጻፈው።

አንዲት አትክልት አምራች፣
ከአርባ ምንጭ ዙሪያ