ባሕር ለምትጠልቀው ልጄ

ይድረስ ለልጄ ለሕሊና። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከሱሉልታ ብርድ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ቀይ ባሕር ውስጥ የሰመጠችውን መርከብ ቲስልጎርምን ልታዪ ግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ መሄድሽ ደስ ብሎኛል። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ግን አንድ ነገር ስሚኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቅሽ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላ እንዳትሳፈሪ። ለብዙ ቀን ለጠለቀ ሰው 18 ሰዓት ይበቃል ይሉሻል። አልተሳሳቱም፤ ስሌቱ ግን ለአውሮፕላኑ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢቀንስ ቢቀንስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው፤ በባሕር ጠረፍ ባለ አገር የሚያርፍ ሰው ሲወርድ ይገላገለዋል። አንቺ ቦሌ ስትወርጂ 2,300 ሜትር ላይ ነሽ፤ ከዚያ እንጦጦን ተሻግረሽ፣ ከዚያም ከፍ ብለሽ ነው ቤት የምትገቢው። ከባሕሩ በታች የተነፈስሽው ናይትሮጅን በደምሽና በሥጋሽ ሟሙቶ ይቆያል፤ ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ እኔን ብትሰሚኝ ሁለት ሌሊት እዚያው እደሪ። ቤት ከገባሽ በኋላ ትከሻሽን ወይም ክርንሽን ቢያምሽ፣ እጅሽ ቢደነዝዝ፣ የመንገድ ድካም ነው ብለሽ አትተኚ። ሐኪም ቤት ሄደሽ ከሁሉ አስቀድመሽ ባሕር ጠልቀሽ እንደነበር ተናገሪ፤ ኦክስጅንም እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

መርከቧን የጀርመን አውሮፕላኖች ያሰመጧት መስከረም 26 ቀን 1934 ዓ.ም. ሌሊት ነው፤ ለእንግሊዝ ጦር የጫነቻቸው ሞተር ብስክሌቶችና የጭነት መኪናዎች ዛሬም ሆዷ ውስጥ ናቸው። የተቀመጠችው 30 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ግፊቱ 4 እጥፍ ስለሆነ አየርሽም በ4 እጥፍ ያልቃል፤ ላይ በደቂቃ 15 ሊትር የሚበቃሽ ከሆነ ታች 60 ትፈልጊያለሽ። ባለ 12 ሊትሩ ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። 50 ባር ሳይነካ መውጣት ስላለብሽ 1,800 ይቀርሻል፤ 30 ደቂቃ ማለት ነው። ይህ በወረቀት ላይ ነው። የባሕሩ ጅረት እዚያ ይበረታል፣ ስትታገዪው ትንፋሽሽ ይጨምራል። ደግሞም በዚያ ጥልቀት ስትወጪ ናይትሮጅኑ እንዲወጣ መንገድ ላይ የግድ መቆም ሳያስፈልግሽ የምትቆዪው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

የቀን ብርሃን የማይታይበት ክፍል ያለ ልዩ ሥልጠና አትግቢ። ሠልጥነሽ ከገባሽም ከአየርሽ አንድ ሦስተኛው ሲያልቅ ተመለሺ፤ ከ200 ባር ከጀመርሽ 135 ገደማ ላይ ማለት ነው። እግርሽን ወደ ላይና ወደ ታች ካወራጨሽ ዝገቱና ደለሉ ተነሥቶ የገባሽበትን በር ይሰውርብሻል። ጉልበትሽን አጥፈሽ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ቅዘፊ። ስትወጪ በደቂቃ ከ9 ሜትር አትፍጠኚ፣ ግዴታ ባይሆንም ለጥንቃቄ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሚ፣ ትንፋሽሽንም በፍጹም አታፍኚ፤ ስትወጪ የሚሰፋው አየር ሳንባን ይቀድዳል።

አዲስ አበባ መዋኛ ገንዳ ውስጥ የለመድሽው የእርሳስ ክብደት ለባሕር አይበቃሽም፤ ጨዋማ ውሃ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። አንቺና ዕቃሽ አንድ ላይ 80 ኪሎ ከሆናችሁ 2 ኪሎ ያህል ጨምሪ። ሲሊንደርሽ 50 ባር ሲቀረው፣ አየር የሚሞላውን የመጥለቂያ ጃኬትሽን አስተንፍሰሽ ስትንሳፈፊ ውሃው ዓይንሽ ድረስ ከመጣ ልክ ነው። ከዚያ በላይ አትታጠቂ፤ እርሳስ ሲበዛ እግርሽ ይወርድና ኮራሉን ትረግጪዋለሽ። ድንጋይ ቢመስልም ነፍስ ያለው እንስሳ ነው፤ ድቡልቡሉ ዓይነት በዓመት ቢያድግ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በእጅሽም አትደገፊው፤ እሳት ኮራል የሚባለው ቆዳ ያቃጥላል።

አባትሽ
ሱሉልታ