ለልጄ፣ ክፍልሽ ከመከፈቱ በፊት
ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.

ሐያት ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? ደሴ ብርዱ ጠንክሯል አልሽኝ፤ እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው። በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት 2012 ጀምሮ ተዘግቶ የቆየው የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሳሙናና ስለ በረኪና ነው። ኮሮና ግን ከዕቃ ይልቅ በትንፋሽ ነው የሚጋባው። እዚህ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ራሱ መስኮት ያስከፍታል። ደሴ ግን የጦሳ ተራራን ብርድ ሽሽት ተዘግቶ ይውላል፣ ልጆቹም አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ሲስበው ይውላል።

ልጆቹ ሳይገቡ ክፍሉን በእጣን ፈትኚው። በገል ፍም ይዘሽ መሃል ላይ አስቀምጪ፣ ትንሽ እጣን ጣል አድርጊና ጭሱን ተከተዪ። እየተሳበ በመስኮት ከወጣ ደግ ነው። ጣሪያ ሥር ከተንጠለጠለ ወይም ጥግ ላይ ከተከማቸ የልጆቹም ትንፋሽ እዚያው ይቀራል። አየር መግቢያም መውጫም ይፈልጋል፤ በአንድ ወገን ብቻ መክፈት ብዙም አይረዳም፣ በሩን ወይም የማዶውን መስኮት ጨምሪ። ብርዱ ሲከፋ የላይኛዎቹን መስኮቶች ብቻ ክፍት ተዪ፤ የሞቀው ትንፋሽ ሽቅብ ይወጣል፣ ነፋሱም ልጆቹን በቀጥታ አይመታም። በየክፍለ ጊዜው መሃል ግን ሁሉንም ወለል አድርጊው። ደርበው እንዲመጡ ለወላጆች ንገሪ።

መቀመጫ አታቀያይሪ፤ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ በደብተር ሥለሽ ያዢ። የተያዘ ሰው ምልክት ሳያሳይ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ምልክቱም እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ይችላል። አንድ ልጅ ሲታመም ሥዕሉ ካለሽ አጠገቡ የነበሩትን ለይተሽ ቤት ታቆያለሽ። ከሌለሽ ክፍሉ በሙሉ ይበተናል።

ደግሞ ልጆቹን ስትጠብቂ ራሳችሁን አትርሺ። የመምህራን ማረፊያው ጠባብ ነው፤ ሻይ ሲመጣ ጭንብሉ አገጭ ላይ ይወርዳል፣ ወሬውም ይረዝማል። ሻያችሁን ደጅ ጠጡ።

ለጠረጴዛና ለበር እጀታ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 200 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር ውሃ በጥብጡ። ቆሻሻ ጉልበቱን ስለሚጨርስበት መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ። ያደረ ብጥብጥ ይደፋ። ለእጅ ሳሙና ብቻ።

በሽታው ክፍልሽ የሚገባው ከቤት፣ ከገበያና ከሚኒባስ ነው፤ ከተማው ውስጥ ሲበዛ መስኮት ብቻውን አይችለውም። ጤና ቢሮውን ስትጠይቂ የተያዙትን ቁጥር ብቻ አትቀበዪ፤ ምርመራ ሲያንስ ቁጥሩም ያንሳል። ከተመረመሩት ስንት በመቶው እንደተያዘ ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሁለት ሳምንት ከ5 በመቶ በታች መቆየቱን ሥርጭቱ ለመገታቱ አንድ ምልክት ያደርገዋል። ከፍ ካለ መጀመሪያ ሠርጉና ስብሰባው ይከልከል፣ ትምህርት ቤት መጨረሻ ይዘጋ እላለሁ። ሲዘጋ ሴቷ ትታጫለች፣ ወንዱ ለቀን ሥራ ይወጣል፤ ሁሉም አይመለሱም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የአምናውን ስም ዝርዝር ይዘሽ ግቢ። ያልመጣችውን ቤቷ ድረስ አስጠይቂ።

እናትሽ