«ያለ ምንም ድጋፍ ቀርባለች» ለሚለው ዐረፍተ ነገር እርማት እንዲደረግልኝ፦ ለሕክምና ቦርዱ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎን አልጽፍም። የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጠራም። እርስዎ ግን ሁለት መስመር ሳያነቡ ማን እንደጻፈው ይገባዎታል። ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ታሽገው፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቷቸው ገቡ። ከዚያ የውሃ ሽታ ሆኑ። አንደኛውን ስጠይቅ «ኃላፊው ጋ ነው» አሉኝ። ሁለተኛውን «ወደሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» አሉኝ። ለሦስተኛው ልጅቷ ኮምፒውተሯን እያየች «ሲስተም የለም» አለችኝ። ስለዚህ ይኸኛውን አላሸግኩትም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲታረምልኝ ነው። ማኅደሬ ውስጥ፣ በእርስዎ ፊርማና ቲተር እንዲህ የሚል ተቀምጧል፦ «አመልካቿ ያለ ምንም ድጋፍ በእግሯ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ የቀረበች በመሆኑ ጥያቄዋ ተቀባይነት አላገኘም።»

«ያለ ምንም ድጋፍ» የሚለው ውሸት ነው። እመለስበታለሁ።

ሕመሙ ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። መነሻው ቀላል የመኪና ግጭት ነበር። ቁስሉ ዳነ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ተረፍሽ» ብሎኝ ሄደ። ሕመሙ ግን አልሄደም። ከወገቤ ተነስቶ በግራ እግሬ ይወርዳል። የባሰ ቀን አንሶላ ሲነካኝ እንኳ ያስጮኸኛል። አስተማሪ ነኝ፤ ቆሜ ማስተማር ሲያቅተኝ ለአለቃዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። «ተቀምጠሽ አስተምሪ፣ በመሃል አረፍ በይ፣ ብቻ የቦርድ ወረቀት አምጪ» አለኝ። ጡረታ አልጠየቅኩም። ገንዘብ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ወንበር ነው። ለአንድ ወንበር ነው እንግዲህ ቦርድ የቀረብኩት።

ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጫፉ ተጠቅልሏል፤ ጊዜው ረዘመ መሰለኝ። እስከ በርዎ 54 ደረጃ አለ። እኔ ነኝ የቆጠርኩት። የሚያመው ሰው ደረጃ ይቆጥራል፤ ጤነኛ ሰው የሚኖርበትን ቤት ደረጃ ቁጥር እንኳ አያውቅም። እዚያ ሕንጻ ውስጥ ወደ እናንተ የሚመጣው በሙሉ ታማሚ ነው። ሌላ ባለጉዳይ የላችሁም እኮ!

ሕጉን እርስዎ ያውቁታል፣ በር ላይ የለጠፉት እርስዎ ነዎት። በአካል ያልቀረበ አመልካች ማኅደሩ ይዘጋል። የመጀመሪያው ቀጠሮዬ ዕለት ከታች ሆኜ «መውጣት አልቻልኩም፣ እባካችሁ አንድ ሰው ወርዶ ይየኝ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። ማኅደሬ ተዘጋ። እሱን ለማስከፈት አምስት ወር ፈጀብኝ። በሁለተኛው ቀጠሮ እንደምንም ብዬ ወጣሁ። ስለወጣሁ ጤነኛ ተባልኩ።

እስቲ ይንገሩኝ። ካልወጣሁ አልቀረብኩም። ከወጣሁ አልታመምኩም። ስንተኛው ደረጃ ላይ ብገኝ ነው ታማሚ የምባለው? ሃያ ሰባተኛው ላይ?

የዚያን ቀን ሦስት ሆናችሁ ጠበቃችሁኝ። ከገባሁበት እስከወጣሁበት 11 ደቂቃ ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ነበር። ከእናንተ አንዱ የኤምአርአይ ፊልሜን ወደ መስኮቱ አነሳው። «እዚህ ላይ እኮ ምንም የለም» አለ። ሌላው ደግሞ «ስታይ ጤነኛ ነሽ» አለኝ። ከዚያ እርስዎ፣ በጣም በትሕትና፣ «እዚህ ድረስ መውጣት የቻለ ሰው መሥራትም አያቅተውም» አሉኝ። ልመልስ አፌን ስከፍት የሚቀጥለው ተጠራ።

ያኔ ያልመለስኩትን አሁን ልመልስ። ፊልሙ ላይ ምንም የለም። አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ምንም የማያማቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች የተነሱትን የጀርባ ምስል ሰብስቦ አይቶ ነበር። በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶ፣ 80 ከደረሱት ደግሞ 96 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) አርጅቶ ታይቷል። አንዳቸውንም ግን አላመማቸውም። ምስሉ ተበላሽቶ የማያመው ሰው ካለ፣ ምስሉ ንጹሕ ሆኖ የሚያመው ሰው ለምን አይኖርም? ይህን ለሐኪም ማስረዳት የእኔ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

የሚያክመኝ ሐኪም አንድ ጊዜ እንዲህ አለኝ። «ቤቱ አንዴ በሌባ ተደፍሯል። ከዚያ ወዲህ ውሻው ቅጠል ሲወድቅም ይጮኻል። ግቢውን ብትፈትሺ ሌባ የለም። ጩኸቱ ግን እውነተኛ ነው፣ እንቅልፍ የምታጪውም በእውነት ነው።» ነርቮቼ እንደዚያ ውሻ ሆነዋል ማለቱ ነው። እናንተ ግቢውን ፈትሻችሁ ሌባ ስታጡ «ውሻ የለም» ብላችሁ ፈረማችሁ።

ደግሞ የእኔና የሐኪሜ ወሬ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታዎችን የሚመድብበት 11ኛው ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እዚያ ውስጥ ሥር የሰደደ ሕመም የራሱ ኮድ ተሰጥቶታል። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም የሚመላለስ ሕመም ማለት ነው። የእኔ ሦስት ወር ካለፈ ስንት ጊዜው! ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውን የሕመም ትርጉም በ2020 ሲያሻሽለው አንድ ማብራሪያ ጨምሯል። ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበርለት ይገባል ይላል። ይኸው ነው። ፊልም ያሳይ አላለም። ደረጃ ይውጣም አላለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኔ አልደበቅኩም። በሦስት ኮፒ አስገብቻለሁ።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። እርስዎ ያዩኝ በሩን ከፍቼ ስገባ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አላዩም። ስለዚህ ልንገርዎ።

ታች በር ላይ አንድ ጥበቃ አሉ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ። ገና ደረጃውን ቀና ብዬ ሳይ ገባቸው መሰለኝ። ምንም ሳይሉኝ ወደ ጓሮ ገብተው ወንበር ይዘው መጡ። የእንጨት ወንበር ነው፣ አንድ እግሩ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተጠቅልሏል። «ነይ ልጄ፣ እየተቀመጥሽ እንወጣለን» አሉኝ። ዘጠኝ ደረጃ ስንወጣ ወንበሩን አስቀመጡልኝ። ተቀመጥኩ። ሌላ ዘጠኝ። ተቀመጥኩ። በየመሃሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ስቃትት ላለማየት ነበር፤ ኋላ ነው የገባኝ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ደረጃውን እየወለወለች ነበር። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ተንበረከከችና ከፊቴ ያሉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ አደረቀችልኝ። እንዳያንሸራትተኝ ነው። ቀና ብላ «ቀስ በይ እናቴ፣ ማንም አያባርርሽም» አለችኝ። በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች።

ላይ ደርሼ ወረፋው ዘጠነኛ አድርጎኝ ነበር። ከፊት ያሉት አዛውንት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸውም እንደኔ ባለጉዳይ ናቸው። «እኔ ዛሬ ምን ያስቸኩለኛል፣ ተራዬን ውሰጂ» አሉኝ። ወስጄ ገባሁ። እሳቸው የእኔን ዘጠነኛ ቦታ ይዘው ቀሩ።

ከእነዚህ ሦስት ሰዎች አንዳቸውም ፊልም አልጠየቁኝም። «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» እንኳ አላሉኝም።

እንግዲህ ትንሽ ከጉዳዩ ልውጣ። ይህ ክፍል ለማኅደር አይሆንም፣ ቢዘሉትም አልቀየምም።

ከዚያ ቀን በፊት ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፈን ነበር። ማለቴ እኔ አኩርፌ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ «አንሳልኝ» ብዬ ለምኛለሁ። አላነሳልኝም። እንዲጸልይልኝ የሄድኩበት አንድ ሰው ሁለት ሦስቴ እጁን ጫነብኝ። ሳይለቀኝ ሲቀር «እምነትሽ ጎድሏል» አለኝ። እያነከስኩ ወጣሁ። በኋላ እናንተ ጋ መጣሁ፣ ማስረጃሽ ጎድሏል አላችሁኝ። ሁለታችሁን ስገጣጥማችሁ አንድ ናችሁ። እሱም እናንተም መጀመሪያ ሰውነቴን አያችሁ፣ ከዚያ ባያችሁት ላይ ተመሥርታችሁ ቃሌን ጣላችሁ።

የመጻጉዕን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። 38 ዓመት አልጋ ላይ። ሁልጊዜ ልቤን የሚነካኝ መዳኑ ነበር፤ አልጋውን ተሸክሞ መሄዱ። ያን ቀን ማታ ግን ጣሪያ እያየሁ ሌላው ነገር ትዝ አለኝ። «ልትድን ትወዳለህን?» ሲባል እግሬ አላለም፣ ወገቤ አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው።

እኔ ግን ሰው ነበረኝ። በ54 ደረጃ ላይ ሦስት ሰው።

አልዳንኩም። ምስክርነት ነው ብሎ የሚያነብ ካለ ይቅርታ፣ አይደለም። ይህን ስጽፍ ራሱ ሁለቴ ተነስቼ ተኝቻለሁ። የተለወጠው ጸሎቴ ነው። አሁን ጠዋት ስነሳ «ዛሬ ደግሞ ማንን ትልክልኛለህ?» እላለሁ። የሚላክ አይጠፋም። አንድ ተማሪዬ አለ፣ ማንም ሳያዘው ክፍል ከመግባቴ በፊት ወንበሩን ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ያደርገዋል። ስገባ ወደ እኔ አያይም፣ ደብተሩን እያየ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሕመሙ ሲነሳብኝ አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ መጥታ ዝም ብላ ቆመች። እስኪያልፍልኝ አብራኝ ቆመች። ከዚያ «አይዞሽ» ብላ መንገዷን ቀጠለች። በእርግጥ «ስፖርት ብትሠሪ እኮ ይለቅሽ ነበር» የሚሉም ይላካሉ። እነሱ ለትዕግሥት ይሆናል።

ወደ ጉዳያችን።

እናንተ ያያችሁኝ 11 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ቀን አላያችሁም። ደረጃውን ወርጄ ቤቴ ገባሁና ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ፀጉሬን ያሠረችልኝ እህቴ ናት። በአራተኛው ቀን ሥራ ስገባ የቀረሁበትን ምክንያት የሚገልጽ ወረቀት ተጠየቅኩ። ምን ልበል? «ጤነኛ መሆኔን ለማስመስከር ሄጄ ታመምኩ» ልበል?

ስለዚህ እርማቱ እንዲህ ተብሎ ይግባልኝ፦ «አመልካቿ በአንድ ጥበቃ፣ በአንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ በአንድ አዛውንትና እግሩ በተሰበረ ወንበር ድጋፍ ቀርባለች።» እውነቱ ይህ ነው። በዚህ እውነት ላይ ተመሥርታችሁ ደግማችሁ ብትከለክሉኝ እንኳ ቢያንስ የዋሸ ወረቀት ማኅደሬ ውስጥ አይኖርም።

ሌላ ሐሳብ አምጪ ካሉኝ አንድ አለኝ፤ አጭር ነው። ምድር ቤት፣ ከጥበቃው ጀርባ፣ የተቆለፈ ሰፊ ክፍል አለ። በተሰባበረ ጠረጴዛና ወንበር ተሞልቷል። ጥበቃው የእኔን ወንበር ያወጡት ከዚያ ነው። ዕቃው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይውጣ፣ ቦርዱ ወደ ምድር ቤት ይውረድ። ዕቃ ወገቡን አያመውም።

ይግባኝ ብዬ ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል፤ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት። ሊፍቱ እንደማይሠራ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ጥበቃውንም አግኝቻቸዋለሁ። «ወንበሩን ፕላስተር ቀይሬለታለሁ» ብለውኛል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ደረጃው ላይ ነን። ከቢሮዎ ወጣ ብለው በመወጣጫው ወደ ታች ቢያዩ ያገኙናል።

አመልካቿ