ሲሊንደሩ ብቻውን አይምጣ

ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የድሮ ሞተርሳይክላችሁን ቤታችሁ ፈታችሁ ሲሊንደርና ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ወደ ወርክሾፓችን ለምትልኩ ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ከዚህ በኋላ ፒስተኑ (ውስጡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው) አብሮት ያልመጣ ሲሊንደር ውስጡን ልገን አናሰፋም። ይህን በመስማታቸው ቅር ያላቸው አሉ። «1 ሚሊሜትር ጨምሩበት፣ ፒስተኑ ኋላ ይደርሳል» የሚል ማስታወሻ የያዘ ሲሊንደር ሳንነካው ስንመልስ ሥራ የጠላን ልንመስል እንችላለን። ስለዚህ ምክንያቱን በደንብ ማስረዳት አለብን። «ጉልበት ልጨምርለት» ለምትሉም የምንለው አለ።

ፒስተን ሲያዩት ክብ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሲሞቅ ክብ እንዲሆን ታስቦ፣ ቀዝቃዛ ሳለ በጥቂቱ ሞላላ ተደርጎ ነው የሚሠራው። አናቱም ከታችኛው አካሉ ይቀጥናል። ስለዚህ የሚለካው ከፒኑ (በፒስተኑ ወገብ ከሚያልፈው አጭር ዘንግ) በ90 ዲግሪ ዞሮ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው። ካርቶኑ ላይ «+1.00» (ከመጀመሪያው ልክ በ1 ሚሊሜትር የሰፋ) ተብሎ መጻፉ አይበቃንም። የሁለት ፋብሪካዎች +1.00 ፒስተን በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ሊለያይ ይችላል። የእኛ ሥራ ደግሞ ያለው እዚያው መቶኛ ላይ ነው።

የአሠራሩም ጉዳይ አለ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ፒስተንና በከፍተኛ ግፊት ተጨፍልቆ የተሠራ ፒስተን ሙቀት ላይ አንድ ዓይነት አይሰፉም። የተጨፈለቀው ጠንካራ ነው፣ ግን ብዙውን ጊዜ የበለጠ ይሰፋል። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ለአንዱ 0.05 ሚሊሜትር ክፍተት ሲበቃ ለሌላው 0.08 ወይም ከዚያ በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ክፍተቱ ካነሰ ሞተሩ ሲግል ይነክሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ከበዛ ፒስተኑ ይንኳኳል፣ ሞተሩም ዘይት መብላት ይጀምራል። አንዴ የተላገ ብረት ደግሞ አይመለስም። የድሮ ሲሊንደር እንደ ልብ አይገኝምና በግምት መላግ አንፈልግም።

ከመላካችሁ በፊት ማስፋት ያስፈልገው እንደሆነ ራሳችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ሲሊንደር እኩል አያልቅም። በብዛት የሚበላው ላይኛው ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት) ተመላልሶ የሚቆምበት፣ ከአፉ ትንሽ ዝቅ ያለው ቦታ ነው። የውስጥ መለኪያ ያለው ሰው ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ በየቦታው ሁለት አቅጣጫ ይለካ። የሌለው ሰው አንድ ፋሻ ይበቃዋል። ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ በፒስተኑ አናት ቀጥ እስኪል ግፉት። መጀመሪያ ታች፣ ፋሻ በማይደርስበት ቦታ፣ የጫፎቹን ክፍተት በስስ የክፍተት መለኪያ ለኩ። ከዚያ ላይ፣ በጣም በተበላው ቦታ ለኩ። የሁለቱን ልዩነት ለ3.14 አካፍሉት። ታች 0.30፣ ላይ 0.62 ካገኛችሁ ልዩነቱ 0.32 ነው፤ ሲካፈል 0.10 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ሲሊንደሩ ላይኛው ክፍሉ ላይ ያን ያህል ሰፍቷል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ጽፋችሁ ብትልኩልን ደስ ይለናል። ሰው ሞተሩን ራሱ ለክቶ ሲያውቀው ከእኛ ጋር የሚያደርገው ንግግር ሁሉ ይቀየራል።

አሁን ወደ ማሻሻሉ እንምጣ። በብዛት የሚጠየቀው «እስከ መጨረሻው አስፉልኝ» ነው። የድሮውን ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት 350 እንይ። የሲሊንደሩ ስፋት 70፣ የፒስተኑ ጉዞ 90 ሚሊሜትር ነው፤ ሲሰላ 346 ሲሲ ይሆናል። 1 ሚሊሜትር ብናሰፋው 356 ሲሲ። 10 ሲሲ ብቻ ጨመረ፣ 3 በመቶ እንኳን አይሞላም። መንገድ ላይ ይህን የሚለይ ሰው ያለ አይመስለንም። ማስፋት ጥገና ነው። ፒስተኖች በ0.25 ወይም በ0.50 እያደጉ የሚሸጡት ሲሊንደሩ ባለቀ ቁጥር አንድ ደረጃ ብቻ እንዲወጣ ነው። ዛሬ ሳያስፈልግ ሁሉንም ደረጃ የዘለለ ሰው ለሚቀጥለው ጥገና የሚላግ ግድግዳ አያስቀርም።

ጉልበት ከተፈለገ ያለው መጭመቂያው ላይና አየር አወሳሰዱ ላይ ነው። በዚያው 346 ሲሲ ሞተር ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከአናቱ በላይ የሚቀረው ቦታ 54 ሲሲ ነው ብለን እናስላ። መጭመቂያው፣ ማለትም ጋዙ የሚጨመቅበት መጠን፣ 7.4 ለ1 ይሆናል። ቴስታታውን ልገን ያንን ቦታ ወደ 48 ብንቀንሰው 8.2 ለ1 ይደርሳል። ይህ በእጅ ይታወቃል። ግን ቴስታታ ሲላግ ቫልቩ (የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሩ) ወደ ፒስተኑ ይጠጋል። ስለዚህ ሞተሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ፒስተኑ አናት ላይ ለስላሳ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ለጥፉ፣ ቴስታታውን ግጠሙ፣ ቫልቩን አስተካክሉ፣ ክራንክሻፍቱን (የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር የሚቀይረውን ዘንግ) በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ከዚያ ፍቱና ጭቃው በጣም የሳሳበትን ቦታ ለኩ። ለሚያስገባው ቫልቭ 1.5፣ ለሚያስወጣው 2 ሚሊሜትር ከሌለ አቁሙ። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታ ላይ ያለ ሞተር ከሆነ ደግሞ ቴስታታው ዝቅ ሲል የቫልቮቹ ጊዜም ይዛነፋል።

መጭመቂያ የጨመረ ሰው የካንዴላውን ማቀጣጠያ ጊዜ እንደ ፋብሪካው ትቶ መሄድ የለበትም። አየር ማጣሪያና ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) የቀየረም የካርቡራቶሩን ጅግለር፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ፣ ሳያይ አይንዳ። ቤንዚን ሲያንሰው ሞተሩ ይግላል፤ ሲብስ የፒስተኑን አናት ይበሳዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን ታችኛው ክፍል ነው። ይህን ቦታ ረጋ ብላችሁ አንብቡልን። እ.ኤ.አ. በ1959 እንደወጣው ትሪምፍ ቦንቪል ባሉ የእንግሊዝ ባለሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ክራንክሻፍቱ ውስጥ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቱቦ አለ። ክራንኩ ሲሽከረከር ከዘይቱ የከበደው ጥቀርሻና የብረት ብናኝ ወደ ዳር ይወረወርና እዚያ ይለጠፋል። በዘመኑ የዘይት ማጣሪያቸው ወንፊት ብቻ ስለነበር ይህ ጥሩ ብልሃት ነበር። ችግሩ ቱቦው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ካልተፈታ አይጸዳም። ለአሥርተ ዓመታት ሲጠራቀም ይደድርና ወደ ቤላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር ወደሚያገናኘው ዘንግ) የሚሄደውን ዘይት ይዘጋል። ላይኛውን ክፍል ብቻ ፈትቶ አዲስ ፒስተንና ፋሻ የገጠመ ሰው ጭነቱን ጨምሮ ዘይቱን ዝግ ትቶታል። ቤላው ሲበጠስ ደግሞ ካርተሩን (የሞተሩን ታችኛ ሳጥን) ሰንጥቆ ነው የሚወጣው። የሞተሩን ታሪክ የማታውቁ ከሆነ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ይህን ቱቦ አጽዱ። መዝጊያው ደርቆ እንቢ ካላችሁ ላኩልን፤ ሌላ ሥራ ባታሠሩንም እንከፍትላችኋለን።

ሁለት ምት ሞተር ላላችሁ ደግሞ በክራንክሻፍቱ ጫፎች ላይ አየር እንዳይገባ የሚዘጉት የጎማ ቀለበቶች ናቸው ዋናው ነገር። ደርቀው አየር ካስገቡ ቤንዚኑ ይሳሳል፤ አዲሱ ፒስተናችሁም ብዙ ሳይሄድ ይነክሳል።

ስለ ቫልቭ መቀመጫም (ቫልቩ ሲዘጋ ስለሚያርፍበት ቀለበት) በተደጋጋሚ እንጠየቃለን። የድሮ ቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ (ሊድ) መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። እርሳስ ያለው የመኪና ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ገበያ ጨርሶ ወጥቷል። ታዲያ ሁሉም ሰው ጠንካራ መቀመጫ ያስገጥም? አይመስለንም። ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ መቀመጫው መጀመሪያውኑ ተለይቶ የተገጠመ ብረት ነው። ቴስታታው ራሱ ብረት ሆኖ፣ ረጅም መንገድ በፍጥነት የሚነዳ ከሆነ ማስገጠሙ ይጠቅማል። አልፎ አልፎ ለሚነዳ ግን የቫልቭ ክፍተቱን መከታተል ይበቃል። ክፍተቱ ቶሎ ቶሎ እየጠበበ ካስቸገረ ያኔ ላኩት።

መፈታታቱን በተመለከተ ጥቂት ነገር። የጃፓን ሞተሮች የመስቀል ብሎኖች ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር በትክክል አይገጥሙም፤ ለእነሱ የተሠራውን ካልያዛችሁ አናታቸው ይበላል። በድሮ የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ ሚሊሜትር ቁልፍ አታስገድዱ። ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ቀለበት) ስታወጡ ካርተሩን ወደ 100 ዲግሪ አሙቁት እንጂ በመዶሻ አትምቱት። የድሮ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን አትፋቁ፣ በአየርም አትንፉት። አርጥባችሁ አንሱት።

እንግዲህ ስትልኩልን ሲሊንደሩን፣ አዲሱን ፒስተን ከነፋሻውና ከነፒኑ፣ የፒስተኑ አምራች የጻፈው የክፍተት ወረቀት ካለ እሱንም አንድ ላይ አድርጉ። ሞተርሳይክሉ ለምን ሥራ እንደሚውል በሁለት መስመር ጻፉልን። ቴስታታ የምታስልጉ ከሆነ የጭቃውን ልኬት ጨምሩ። ሲሊንደሩን ዘይት ቀብታችሁ በፕላስቲክ ጠቅልሉት፤ ፒስተኑን ውስጡ አታስገቡት፣ መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ ይጫጫራል። አሁን ፒስተን የሚጠብቁ ሲሊንደሮች እኛ ጋ ያሏችሁ፣ ፒስተኑ እስኪደርስ ያለ ምንም ክፍያ እናስቀምጥላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ባልደረቦች