ወርሽ የመጣ ቀን ደውይልኝ

ሚሚዬ የኔ እናት፣ እሁድ ቡናው ላይ ጎረቤታችን «ዘንድሮስ መቼ ነው ምናሳቅፈው» ስትልሽ ስኒውን አስቀምጠሽ ጓዳ ስትገቢ አይቼሻለሁ፣ ተከትዬሽ ልገባ ተነስቼ ነበር ግን ሰው ሁሉ እያየ አይንሽን አቅልተሽ እንድትወጪ አልፈለኩም ተውኩት። ሴትየዋን ማታ ቤቷ ሄጄ ሁለተኛ እንዳታነሳብሽ ነግሬያታለሁ። በስልክ ስጀምርልሽ ደሞ «እማ ስራ ላይ ነኝ» ትይኛለሽ፣ ስለዚህ እየፃፍኩልሽ ነው፣ ሲመችሽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ይቅር በይኝ። 31 አመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ የስንቱን ልጅ በእጄ ተቀብዬ ላንቺ ሲሆን «እግዚአብሔር በጊዜው ይሰጣል» እያልኩ የማውቀውን ሳልነግርሽ ቀረሁ። እምነቴ ያው ነው፣ ዛሬም ስላሴ ስሳለም ስምሽን ሳልጠራ አልወጣም፣ ግን እንጦጦ ኪዳነምህረት ፀበል ይዤሽ ስወጣ 36 አመትሽ ነበር፣ ያኔ ጎን ለጎን ሐኪም ጋ ወስጄሽ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሌሊት ሌሊት ያስነሳኛል። ፀበሉን ተይ አልልሽም፣ ፀበሉም ህክምናውም አብረው ይሄዳሉ።

ባለፈው «ወር አበባዬ እኮ አንድም ቀን አልተዛባም» ብለሽኝ ነበር። ልጄ፣ የወር አበባ በሰዓቱ መጣ ማለት እንቁላሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሴት ልጅ እንቁላሏን ሁሉ ይዛ ነው ምትወለደው፣ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይሆናል፣ ለአቅመ ሄዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራል፣ ከዛ በኋላ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። ከ35 በኋላ ደሞ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ጥራቱም ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፣ ለዛ ነው ከ40 በኋላ ውርጃው ሚበዛው። ሐኪሞች ከ35 በታች ላለች ሴት አንድ አመት ሞክሪ ይላሉ፣ ከ35 በላይ ከሆነች 6 ወር፣ 40 ከሞላት ግን ምንም ሳትጠብቅ ትመርመር ነው ሚሉት። አንቺ መስከረም ላይ 40 ትሞያለሽ። ላስደነግጥሽ አይደለም፣ «ለገና እናየዋለን» ስትይኝ እንደድሮው ዝም እንዳልል ነው።

ባለቤትሽም አብሮሽ ይመርመር፣ ከመጀመሪያው ቀን። ይሄን ጠበቅ አድርጌ ምልሽ ልጅ ከማጣት ችግር ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም እጅ ስላለበት ነው፣ ወይ ብቻውን ወይ ከሴቷ ጋ ተደርቦ። አክስትሽ 14 አመት «መካን» ተብላ ኖራ ተፈታች፣ ሰውየው ሌላ አገባ፣ እዛም ልጅ የለም፣ አንድም ቀን ግን ተመርመር ያለው ሰው የለም! እሷ ግን ሰርግ ቤት ሙሽራ አጠገብ እንዳትቀመጥ ስትደረግ በአይኔ አይቻለሁ። የሱ ምርመራ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ነው፣ ክብሩንም አይነካም። እኔ ልንገረው ካልሽኝ እነግረዋለሁ፣ እንደ ልጄ ነው።

ያንቺ ደሞ ኤኤምኤች ሚባል የደም ምርመራ አለ፣ የእንቁላል ክምችትሽን ያሳያል፣ በየትኛውም ቀን ይሰጣል። ኤፍኤስኤች ሚባለው የሆርሞን ምርመራ ግን ወርሽ በመጣ በ2ኛው ወይ በ3ኛው ቀን ነው። አልትራሳውንዱ በብልት በኩል ገብቶ ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶችን ይቆጥራል፣ ማዮማም (የማህፀን እጢ) ካለ ያሳያል። እንቁላሉ ወደ ማህፀን ሚያልፍበት የቱቦው ራጅም አለ፣ ቀለም አስገብተው ክፍት መሆኑን ያያሉ፣ ትንሽ ያማል ግን ይቻላል። ቱቦው ተዘግቶ ውሃ ከቋጠረ አስቀድሞ መታከም አለበት፣ እሱ እያለ አይቪኤፍ፣ ማለት እንቁላሉንና ዘሩን ከሰውነት ውጪ አገናኝተው ሽሉን ማህፀን ውስጥ ማስገባት፣ ቢሰሩልሽ ውጤቱን በጣም ይቀንሰዋል።

ህክምናው ብዙ አይነት ነው፣ እንቁላል ሚያነሳሳ ኪኒን አለ፣ የባልን ዘር አጥቦ ማህፀን ውስጥ ማስገባት አለ። ባንቺ እድሜ ግን እዛ ላይ ወራት እንዲበሉብሽ አልፈልግም፣ አይቪኤፍን ከመጀመሪያው ጠይቂያቸው። በ1970 ዓ.ም ሐምሌ ላይ እንግሊዝ አገር የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ ስትወለድ እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነበርኩ፣ ተአምር ነበር የመሰለን። ዛሬ እዚሁ ጳውሎስ ሆስፒታል የአይቪኤፍ ማዕከል አለ፣ በ2011 ዓ.ም ነው የተከፈተው፣ ከመንግስት ሆስፒታል የመጀመሪያው ነው። የግሎቹንም እናያለን፣ ህንድና ቱርክ ከመባሉ በፊት ግን እዚሁ እንጀምር።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ አይቪኤፍ እንቁላልን ወጣት አያደርግም። በእንግሊዝ አገር መዝገብ ከ35 በታች ላሉት በራሳቸው እንቁላል ከሚገባው ሽል ሲሶው ገደማ ነው ለልጅ ሚደርሰው፣ ከ40 እስከ 42 ላሉት ከ10 አንዱ ገደማ፣ ከዛ በኋላ ደሞ የበለጠ ይወርዳል። ስለዚህ አንዴ ባይሆን «አበቃልኝ» እንዳትይ፣ አንዴ ሞክሮ ሚሆንለትም አለ ሶስቴ ሞክሮ ሚሆንለትም አለ ማይሆንለትም አለ። የሌላ ሴት እንቁላል ሚለውን ሐሳብ ካነሱብሽ የራስሽ ውሳኔ ነው፣ ከባለቤትሽና ከንስሐ አባትሽ ጋ ተነጋገሪበት፣ እኔ ግን አንቺ የወለድሽውን ልጅ ደሙ የማነው ብዬ ምጠይቅ አያት አይደለሁም። ጉዲፈቻም ብትይ እንደዛው ነው፣ ያንቺ ልጅ የኔ የልጅ ልጅ ነው በቃ።

እስከዛ ፎሊክ አሲድ ከዛሬ ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ግፊትና ስኳርሽንም ተለኪ፣ በዚህ እድሜ እርግዝናው ራሱ ክትትል ይፈልጋል። በስልክ ሚሸጡትን «ማህፀን አፅጂ» ቅጠላቅጠል እንዳትነኪ አደራ!

ስለ ገንዘቡ አታስቢ፣ እቁቤ ሐምሌ ላይ ይወጣልኛል፣ የመድኃኒቱን ከሱ እንከፍላለን፣ ለወንድሞችሽም አልናገርም። ለአይቪኤፉ እንቁላሉን ሚያሳድገውን መርፌ ደሞ እኔ ነኝ ምወጋሽ። ከ8 እስከ 14 ቀን ገደማ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ሆድ ላይ ይወጋል፣ እጄ ዛሬም አይንቀጠቀጥም። ፍሪጅ ውስጥ ሚቀመጠውን መብራት ቢጠፋ እንኳን በረዶ ያለው ሳጥን አዘጋጃለሁ። የመጨረሻዋ መርፌ ሰዓቷ አንድ ደቂቃ እንዳይዛነፍ ነው፣ እንቁላሉ ሚወጣው ከዛ 36 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ፣ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ሊያወጡልሽ ከሆነ ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ትወጊያለሽ፣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ሰዓቱን አያለሁ።

የልጅነት ክፍልሽን አፅድቼ አልጋውን አንጥፌዋለሁ፣ ከአራት ኪሎ ለሁሉም ይቀርባል። ወርሽ የመጣ ቀን ደውይልኝ፣ ስራ ላይም ብትሆኚ። በማግስቱ ጠዋት ይዤሽ እሄዳለሁ።

እማሽ